ጥምጣም ይዘን ባሕር ዳር

ከባሕር ዳር ከተመለስን ወዲህ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ዓሣው እንዴት ነበር፣ ፏፏቴውን አየህ ወይ። ዓሣው ደኅና ነበር። ፏፏቴውን አላየሁም። በዚያ ጉዞ በደንብ ያየሁት ጥምጣም ነው፤ ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

እኔ አዳማ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ እጠግናለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ የቄስ ልጅ። ባለፈው ዓመት ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ ፀጉር የሚያረግፈው መድኃኒት ተከተለ። መድኃኒቱ ሥራውን ሠራ፤ ፀጉሯም ሄደ። ሕክምናው ሲያልቅ ሐኪሙ «ደኅና ነሽ፤ ለክትትል እየመጣሽ ትታያለሽ» ብሎ አሰናበታት። ይህን ሁሉ እናቷ እማማ ውባለም አያውቁም ነበር። ደም ግፊት አለባቸው፤ ባላቸውን ቄስ አዱኛን ከቀበሩም ገና ጥቂት ዓመት ነው። «ይህን ሰምታ እሷንም እንቅበር?» አለችኝ ትርንጎ። ምስጢሩን የሚያውቀው ወንድሟ ደሳለኝ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ምስጢር የሚያወጣበት ኔትወርክ የለውም።

እማማ ውባለም በየዓመቱ በጥቅምት፣ ባላቸው ያገለግሉበት በነበረው የዘጌ ቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል ላይ፣ በስማቸው ይዘክራሉ። ዘንድሮ «ካልመጣሽ ልጅ የለኝም» ብለው ላኩ። ዕቅዳችን ቀላል ነበር፤ ትርንጎ ጥምጣም አድርጋ ትሄዳለች፣ ትዘክራለች፣ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ፀጉሯ ይበቅላል፤ የሚጎዳ ሰው አይኖርም።

ስለ ጥምጣሙ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከአንድ ቡቲክ የተሰፋ «ተርባን» ገዝተን ነበር፤ ፊቱ ላይ ቋጠሮ ያለው፣ እንደ ኮፍያ የሚጠለቅ። የተሠራው ፀጉር ላለው ሰው ነው መሰለኝ ትርንጎ ራስ ላይ ይዞራል። ጠዋት ግንባሯ ላይ የነበረው ቋጠሮ ማታ ጆሮዋ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ረጅም ጨርቅ ገዛችና ከስልክ ቪዲዮ አጠማጠሙን ተማረች። የእኔ ሥራ ሌላውን ጫፍ ይዞ መቆም ነው። በየጠዋቱ በሩ ጋ ቆሜ ጨርቁን ወጥሬ እይዛለሁ፤ እሷ እየጠመጠመች ወደ እኔ ትመጣለች። መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ከሠርጋችን ወዲህ በየቀኑ እንዲህ ተጠጋግተን አናውቅም። «አላላኸው» ትለኛለች ሁልጊዜ። እውነቷን ነው፤ እኔ የለመድኩት ቧንቧ ማጥበቅ ነው።

ሐሙስ

ከአዳማ በጠዋት ተነስተን በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ገባን። ከዚያ በአውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ አንዲት ፈታሽ ትርንጎን «ራስሽ ላይ ያለውን ፍቺው» አለቻት። ትርንጎ ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻትና መጋረጃ ጀርባ ገቡ። ሲወጡ የፈታሿ ዓይን ቀልቷል። የትርንጎ ጥምጣም ደግሞ በሌላ ሰው እጅ መታሰሩ ያስታውቃል፤ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። እኔን ቀበቶዬን አስፈቱኝ። ማንም አላለቀሰም።

ባሕር ዳር ስንወርድ ሙቀቱ የአዳማ ሙቀት ነው፤ ነፋሱ ግን የለም። አዳማ ነፋስ የወሰደውን ሻርፕ ሞጆ ሄደህ ፈልግ ይባላል፤ እዚህ የዘንባባው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ለጥምጣም የሚመች ከተማ ነው አልኩ በሆዴ። ባጃጅ ተሳፈርን። ሾፌሩ በመስታወት ሲያየን ቆይቶ ጠየቀ።

«እህቴ፣ ይቺ ነገር የዱባይ ናት?»

«የአዳማ ናት።»

«ዱባይ ትመስላለች» አለና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ያረፍነው ሐይቁ አጠገብ ያለች ትንሽ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። እማማ ቤት ያልሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እዚያ ብናድር እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ሰው ደግሞ ጥምጣም አድርጎ አይተኛም። ክፍላችን ከመስኮቱ ሐይቁን ያሳያል፤ ቧንቧው ውስጥ ግን ጠብታ የለም። የሙያው ሰው ስለሆንኩ አልገረመኝም። የፔንሲዮኗ ባለቤት ይቅርታ ጠይቃ የሞቀ ውሃ በባልዲ ራሷ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። ልቀበላት ስል «ተው፣ እንግዳ አይሸከምም» ብላ ከለከለችኝ። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ሰዉ ወደ እኔ ነው የሚጮኸው።

ሲመሻሽ ሹም አቦ ሰፈር ወደሚገኘው የእማማ ቤት ሄድን። እማማ ውባለም ከደጅ ወጥተው ልጃቸውን አቀፏት። ሲያቅፏት እጃቸው ወደ ጥምጣሙ ከፍ አለና መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ወረደ። «አማረብሽ» አሉ ቀስ ብለው። እኔና ትርንጎ ተያየን፤ አለፈ ማለት ነው አልን።

ራቱ ዶሮ ነበር። እማማ እኛን ያጎርሱናል እንጂ እሳቸው አልበሉም። በመሀል «ደሳለኝን አግኝታችሁታል?» አሉ። እኔና ትርንጎ እኩል «ደኅና ነው» አልን። ሁለታችንም አፋችን ውስጥ ዶሮ ስለነበረ መልሳችን ትንሽ የታፈነ ሆነ። እማማ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ፤ ስልኩ «ማግኘት አልተቻለም» አለ። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተው አስቀመጡት። ፔንሲዮን መያዛችንን ስነግራቸው ትልቅ ጠብ ይነሳል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እ… ይሁን» ብቻ አሉ። ይህን ያህል በቀላሉ መተዋቸውን እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ዓርብ

እማማ ለበዓሉ ትርንጎ ሹሩባ እንድትሠራ ፈልገው ገና ሳንመጣ ለጎረቤታቸው ለሜሮን ነግረዋት ኖሯል። ሜሮን እዚያው ሹም አቦ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ጠዋት ስንደርስ ወንበር ዘርግታ፣ ማበጠሪያዋን ይዛ እየጠበቀች ነው። ትርንጎ «ራሴን ያመኛል» አለች። ሜሮን ግን ዓይኗ ፀጉር ላይ ሳይሆን ጥምጣሙ ላይ ነው። ዞራ ዞራ አየችው።

«ኧረ ይሄ ነገር ሙድ አለው። እንዴት ነው የሚታሰረው?»

ትርንጎ ማምለጫ አገኘች። ወንበሩ ላይ ሜሮንን አስቀምጣ በሜሮን ሻሽ አስተማረቻት፤ እኔ ጫፍ ያዝኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሹም አቦ ስወጣ በጎዳናው ላይ ጥምጣም ያደረጉ ሴቶች አየሁ፤ አንዷ ሱቅ ውስጥ ዘይት ትሸጣለች፣ ሌላዋ የቢሮ ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ ሌላዋ ልጅ ታዝላለች። ሁሉም ትንሽ ላላ ያለ ነበር። ባለቤቴ ፀጉሯን አጥታ ያመጣችውን ነገር ከተማው ለጌጥ እየለበሰው ነው። አዳማ ቢሆን ለዚህ አንድ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ልቤ አዘነም፣ ሳቀም፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

እማማ ያን ቀን ብዙ አልተናገሩም። ትርንጎን ቆመው ያይዋታል፤ ስታያቸው ወደ ድስቱ ይዞራሉ። «ደም ግፊታቸው ይሆናል» አለችኝ ትርንጎ።

ትርንጎ እናቷን ስታግዝ እኔ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዓርብ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ የራስ መጠቅለያ ነው። ቄሶቹ ነጩን ከፍ አድርገው ጠምጥመዋል። ከጁምዓ የሚመለሱ አንድ ሼህ ቆባቸው ላይ ዝቅ አድርገው ጠምጥመው ጫፉን ወደ ጀርባቸው ለቀዋል፤ አዳማ ጎረቤቴ ያሉት ሼህም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት። ከመራዊ በኩል ድንች ይዘው የመጡ ገበሬዎች ፎጣቸውን ለፀሐይ ጠምጥመዋል። ከዚህ በፊት ይህን ሁሉ እያየሁ አላየሁትም ነበር። ጫፍ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ግን የሰው ራስ ሳይ «ይሄን ማን ይዞለት ይሆን?» እላለሁ።

ዳርቻው ላይ ካለች ምግብ ቤት ዓሣ አዘዝኩ። «ዓሣ በዓርብ ይበላል?» ብዬ አስተናጋጇን ብጠይቃት «እኛ እንሸጣለን፤ የሚበላው ሰው ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ግማሹን እንደጨረስኩ መሪጌታ ልሳነወርቅ መጡ። የቄስ አዱኛ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ፤ በሠርጌ ላይ ዘምረዋል። እጄ ላይ የዓሣ አጥንት ይዤ ተነሳሁ። አጥንቱን እንዳላዩ ሆነው አጠገቤ ተቀመጡ። ነጭ ጥምጣማቸው አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

«እስቲ ታደሰ፣ እንደ ወንድም ንገረኝ። የመጣችሁበት ጉዳይ ምንድን ነው?»

«ለዝክሩ ነው፣ የኔታ።»

«የማን ዝክር?»

«የቄስ አዱኛ ነዋ።»

«እሱማ የታወቀ ነው።» ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ውባለም ጠርጥራለች። እኔም ነገ ጠዋት ከእሷ ዘንድ እሆናለሁ። እናንተም ሳይነጋ ኑ፤ ደግ አይደለም ከነጋ።»

ነገ ጠዋት ወደ ዘጌ በጀልባ ስለምንሄድ እሳቸውም አብረውን እንደሚሄዱ ተረዳሁ። እማማ የጠረጠሩት ደግሞ ጀልባው እንዳያመልጠን ነው ብዬ አሰብኩ።

«አይጨነቁ፤ በጊዜ እንደርሳለን» አልኳቸው፤ ዓሣዬንም ቀጠልኩ።

መሪጌታ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተ የረጋህ ሰው ነህ» ብለው ተነሱ። ደስ አለኝ። አዳማ እንዲህ ያለኝ የለም።

ቅዳሜ

ጎሕ ሲቀድ የእማማ በር ላይ ደረስን። ላንኳኳ እጄን ስሰነዝር በሩ ተከፈተ።

ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሜሮን ማዕዘን ላይ ነበረች፤ ጥምጣሟን አውልቃ ነጠላ ተከናንባለች። እማማ ውባለም መደቡ ላይ ናቸው። ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው ታጥቀዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በጨለማ ለብሰውት ተሳስተው ነው ብዬ ልነግራቸው ፈለግኩ።

«በሉ ንገሩኝ» አሉ።

«ጀልባው አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው» አልኩ።

ሜሮን ማልቀስ ጀመረች።

«ልጄን የት ቀበራችሁት?» አሉ እማማ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ማንን፣ እማ?» አለች ትርንጎ።

«ደሳለኝን ነዋ። እኔ ዝግጁ ነኝ። ሁለት ሌሊት ተዘጋጅቻለሁ። አሁን ንገሩኝ።»

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ራሴ ውስጥ ተደረደረ። ሌላ ቦታ አድሮ በንጋት የሚመጣ ሰው፣ ስልኩ የማይነሳ ልጅ፣ እኩል «ደኅና ነው» የሚሉ ሁለት አፎች። እኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። እኔ ለጀልባ ስጣደፍ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ነበር። ዓሣ እየበላሁ!

«ማንም አልሞተም» አለች ትርንጎ። «ማን ነገረሽ?»

«ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ሐሙስ ማታ ሳቅፍሽ አየሁት። የቄስ አዱኛን ራስ በየሳምንቱ የላጨሁት እኔ ነኝ። ጥምጣሙን ሲጠመጥም ጫፉን የያዝሁት እኔ ነኝ። ፀጉር ያለበት ራስ ላይ ጨርቅ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የተላጨ ራስ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ እኔ አላውቅም? ልጄ ተላጭታለች አልሁ። ሴት ልጅ ለምን ትላጫለች? አባትሽን ስንቀብር ተላጭተሽ ነበር። አሁን ማን ቀረሽ? አንድ ወንድም።»

ትርንጎ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ጥምጣሙን ራሷ ፈታችው፤ ጫፉን እንድይዝ እንኳ አላየችኝም። ጨርቁ ጉልበቷ ላይ ተቆለለ። ፀጉሯ ገና ብቅ ያለ ጤፍ ነበር የሚመስለው። ከእኔና ከሐኪሞቹ፣ ከዚያች ፈታሽም በስተቀር ያየው ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ የታመምሁት፣ እማ። ጡቴን ነው። መድኃኒቱ ነው ያረገፈው። አሁን ድኛለሁ።»

እማማ መቀነታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ደሳለኝ አለ?»

«አለ። ጅቡቲ ነው።»

«በእግሩ ይሄዳል?»

«ይሄዳል፣ እማ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ የተጠራሁት ለመርዶ ነው» አሉ። «መርዶ ከሌለ እኔም የለሁም።» ግን አልወጡም፤ በሩ ጋ ሄደው ወደ ውጭ እያዩ ቆሙ።

ከዚያ የእማማ ቁጣ መጣ።

«ስትታመሚ እኔ ምን እሠራ ነበር? እ? በርበሬ እቀነጥስ ነበር?»

«ደም ግፊትሽን ፈርቼ ነው።»

«ለደም ግፊቴማ ክኒን አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ልጄን ስቀብር ነው የዋልሁት እኮ! ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ልብሴን አዘቅዝቄ ጠበቅሁ። ይህን የቻልሁ ሴት የአንችን መታመም አልችልም ነበር? እኔ እኮ እናትሽ ነኝ፤ ብርጭቆ አይደለሁም።»

ከዚያ አለቀሱ። ለሞተው ያልወጣው እንባ ለዳነችው ወጣ። ሁለቱንም እጃቸውን ያ አጭር ፀጉር ላይ አድርገው እያገላበጡ ዳበሱት፤ ትርንጎም እንደ ሕፃን ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። እኔ ጥግ ቆሜ አፈርኩ። ማንም እንዳይጎዳ ብለን ያደረግነው ነገር አንዲት እናትን ሁለት ሌሊት ብቻዋን ለቅሶ ቤት አስቀምጧት ነበር።

እማማ ፊታቸውን ጠርገው ተነሱ። ነጠላቸውን ገልብጠው በትክክሉ ለበሱ። ሣጥናቸውን ከፍተው የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አወጡ። የቄስ አዱኛ ጥምጣም ነው፤ ታጥቦ የተቀመጠ።

«የኔታ» አሉ ወደ በሩ፣ «ይህን ለልጄ ባደርግላት ነውር አለበት?»

መሪጌታ ወደ እኛ አልዞሩም። «እኔ የለሁም አልሁ እኮ» አሉ።

ጫፉን ልይዝ ተጠጋሁ። እማማ እጄን ገፋ አደረጉት።

«አንተ ተው። አላልተህ ነው የምትይዘው። ሐሙስ ማታ ወደ ግራ ዘንብሎ ነበር።»

ያ የፈታሿ እጅ እንደነበረ ልናገር አልኩና ተውኩት። እማማ ጫፉን ያዙ፤ ትርንጎ እየጠመጠመች ወደ እናቷ መጣች። ሲጨርሱ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሥራዬን ማጣቴን አሰብኩ፤ ቅር አላለኝም።

ጀልባው ጠበቀን፤ መሪጌታ ሳይሳፈሩ አይነሳም ተባለ። ዘጌ ወርደን በቡና ዛፎቹ ሥር በእግር ወጣን። አዳማ በዚህ ሰዓት ጥላ ፍለጋ መንገድ እንሻገራለን፤ እዚህ ፀሐይ ነው የሚፈለገው። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጥምጣም ብቻ ነው የሚታየው፤ ማሕሌት የቆሙት ሲወዛወዙ ነጩ ሁሉ አብሮ ይወዛወዛል። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ሰው ስለሚናገር እኔ እተወዋለሁ። እኔ ያየሁት እማማን ነው። ዳቦና ጠላ ሲያድሉ ሴቶቹ ሁሉ የትርንጎን ራስ አይተው «ይህ ከየት ነው?» ይላሉ። እማማ ለእያንዳንዷ አንድ ዓይነት መልስ ነበር የሚሰጡት። «የአባቷ ነው። ልጄ ታማ ነበር፤ ድናለች።» ድምፃቸውን አልቀነሱም። ሴቶቹ ትርንጎን ይስሟታል፤ አንዷ እጇን ይዛ አልለቅም አለች። አንድ ዓመት ሙሉ የደበቅነው ነገር ከዳቦው ጋር ታደለ።

በመሀሉ የትርንጎ ስልክ ጮኸ፤ እማማ አነሱት። ደሳለኝ ነው፤ ኔትወርክ አግኝቶ። የእማማን ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ «ማን ሞተ?» ሲል ከስልኩ ይሰማል።

«አንተ!» አሉት፤ ዘጉበትም።

ያን ማታ ፔንሲዮኑን ለቀን እማማ ቤት አደርን። እናትና ልጅ አልጋው ላይ ተኙ፤ እኔ መደቡ ላይ። ከፔንሲዮኗ ባለቤት ስሰናበት ባልዲዋን ተሸክሜ ደረጃው ላይ ልውረድ ብል አሁንም ከለከለችኝ።

እሑድ

እማማ ከደጅ ላይ ሸኙን። የሰጡን አንድ ትእዛዝ ነው። «ወሬ ካለ በንጋት ንገሩኝ። ደግም ይሁን ክፉ። እኔ የለመድሁት በንጋት ነው።»

ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿ «ፍቺው» አለች። ትርንጎ መጋረጃ አልጠየቀችም። እዚያው ሰልፉ ፊት ፈታችው፣ ጨርቁን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች፣ በአጭር ፀጉሯ አለፈች። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ኮፍያውን ሳይጠየቅ አወለቀ። ማዶ ላይ ጫፉን ያዝኩ፤ የቻልኩትን ያህል ወጠርኩት።

አዳማ ነፋሱ እንዳለ ጠበቀን። ይህን ከመጻፌ ጥቂት ቀን በፊት ትርንጎ ለክትትል ሄዳ ውጤቱን ማታ ተቀበልን። ማታውን አልደወልንም። ሁለታችንም ሳንተኛ ጎሑን ጠበቅንና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ደወልን። አንዴም በደንብ ሳይጠራ ተነሳ።

«በሉ ንገሩኝ» አሉ እማማ ውባለም።

«ንጹሕ ነው፣ እማ። ምንም የለም።»

ያለቅሱ እንደነበር ከትንፋሻቸው ይታወቃል። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ጥምጣሙን አሁን ማን ይይዝልሻል?»

«ታደሰ ነው።»

«ይሁን» አሉ። «ያላላዋል እንጂ ይይዛል።»